በከንፈር የተቆጠረ ቫልስ

የባሕር ቀን የሚባለውን ነገር የሚወዱት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። መርከቧ ወደብ የማትነካበት፣ ከአድማስ እስከ አድማስ ውሃ ብቻ የሚታይበት ቀን ነው። ቁርሳቸውን ተረጋግተው ይበላሉ። ከዚያ ሰገነቱ ላይ በተደረደሩት ረጃጅም ወንበሮች ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ይጋደማሉ። ረፋድ ላይ ትኩስ የሥጋ መረቅ በኩባያ ሲታደል ግማሾቹን እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቀትር ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ የት እንደደረስንና ከሥራችን ያለው ውሃ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ይነግረናል። ጥልቀቱን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ይተኛሉ። ከሰዓት በኋላ ሻይና ዳንስ አለ።

ክላረንስ ፔድሊ ግን የባሕር ቀን አይወድም ነበር።

“ወደብ ሲሆን ቢያንስ የምወርድበት ደረጃ አለ” ይለኝ ነበር። “ዛሬ ግን ወዴት ልሂድ? መዞር ነው እንጂ መሄድ የለም።”

ይዞርም ነበር። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የተጋደሙትን እግሮች እየተሻገረ፣ ከመርከቧ ፊት እስከ ኋላዋ፣ ከኋላዋ እስከ ፊቷ። ዝናብም ቢሆን ይዞራል፤ ንፋሱ ባርኔጣ የሚነጥቅ ቢሆንም ይዞራል። ተሳፋሪዎቹ ለምደውት ነበር። አንድ ሽማግሌ ከጋዜጣው በላይ ቀና ብሎ፣ “ፔድሊ፣ ደረስክ ወይስ ገና ነህ?” ሲለው፣ “ገና ነኝ፤ አንተን ግን ቀጣዩ ፌርማታ ላይ አወርድሃለሁ” ብሎት ያልፋል።

ፌርማታ የሚለው ከድሮ ሥራው የቀረ አነጋገር ነው። ብላክፑል በሚባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ የትራም ሾፌር ነበር። ወደዚያ ከተማ ሰው የሚመጣው ለዕረፍት ነው፤ ፔድሊ ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ዕረፍት ሲያመላልስ ኖረ። ማታ ማታ ከሚስቱ ከዊኒ ጋር ይደንስ ነበር። በብላክፑል ትራም የሚነዳውም፣ ዓሣ የሚጠብሰውም፣ ጥርስ የሚነቅለውም ቫልስ የሚባለውን ባለ ሦስት ምት ዳንስ ያውቃል። ዊኒ ስትሞት ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተው። ከአንዱ ወንበር ተነሥቶ ሌላው ላይ ይቀመጣል፣ መስኮት ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። በመጨረሻ ቤቱን ለቀቀ፣ ዕቃውን ለልጁ ሰጠ፣ በሁለት ሻንጣ ወደ ባሕር ወጣ።

ሮዛመንድ በምትባለው ትልቅ የሽርሽር መርከብ ላይ ሥራው ማስደነስ ነበር። በእንግሊዞች መርከብ ይህ የታወቀ ነው። ብቻቸውን የሚሳፈሩ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ባል የሞተባቸው አሉ፣ ያላገቡ አሉ፣ ባላቸው ከወንበሩ አልነሣም ያለባቸውም አሉ። ስለዚህ በደንብ የሚደንሱ፣ ልብሳቸውን የሚጠብቁ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ወንዶች ይፈለጋሉ። አስደናሾች እንላቸው ነበር። መኝታና ምግብ ያገኛሉ፤ በምላሹ ከሰዓት በኋላና ማታ ሴቶቹን ተራ በተራ ያስደንሳሉ። ሕጉ ጥብቅ ነው። ከአንዲት ሴት ጋር ሁለት ዘፈን አከታትሎ መደነስ አይፈቀድም። ለአንዷ ከሌላዋ አብልጦ ፊት ማሳየት አይፈቀድም። ለብቻ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ማውራትማ ጭራሽ አይነሣ።

“እኔ አሁንም ትራም ነው የምነዳው” ይል ነበር ፔድሊ። “ሁሉንም አሳፍራለሁ፣ ሁሉንም አወርዳለሁ፣ ማንንም ቤቷ ድረስ አላደርስም።”

እኔ በዚያ የዳንስ አዳራሽ ሻይ አቀርብ ነበር። ዓመታት አብረን ስላሳለፍን፣ በዕድሜ ቢበልጠኝም፣ አንተ እንድለው ያስገደደኝ እሱ ራሱ ነው።

አስደናሾቹን የምታዝዛቸው የመዝናኛው ኃላፊ ሚስ ፌኔላ ነበረች፤ ወጣት፣ ሥራዋን የምታከብር ልጅ። እውነተኛዋ ተቆጣጣሪ ግን ሚስስ ቴምፐርሊ ነበሩ። ባላቸው የሐራጅ ቤት የነበራቸው መበለት ናቸው፤ በየክረምቱ ከእኛ ጋር ይሳፈራሉ፤ ሁልጊዜም በትልቁ መስታወት ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ማን ከማን ጋር እንደደነሰ ከሳቸው የሚያመልጥ ነገር የለም።

“ሚስተር ፔድሊ፣ ሚስ ኦክሊ ትናንት ሁለት ፎክስትሮት ደርሷታል።”

“አንደኛው ታንጎ ነበር እመቤቴ።”

“እሷ ስትደንሰው ምን ልዩነት አለው?”

ያን ክረምት ከእንግሊዙ ወደብ ከሳውዝሃምፕተን ተነሥተን ወደ ባርቤዶስ ስንሄድ፣ አንዲት አዲስ ሴት በዓምዱ ጥግ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ ያዙ። ሚስስ ግሪምሾ ይባላሉ። ደንደን ያሉ፣ ሰማያዊ ሹራብ የሚለብሱ፣ በርንሊ ከምትባል የፋብሪካ ከተማ የመጡ ሴት ናቸው። ልጆቻቸው ተባብረው ነው የላኳቸው። በየቀኑ ለዳንሱ ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ፣ ኬካቸውን ይበላሉ፣ የደናሾቹን እግር ይመለከታሉ፣ ሲያልቅ ተነሥተው ይሄዳሉ።

የተቀመጠችን ሴት ሁሉ መጠየቅ የአስደናሽ ግዴታ ነው። ፔድሊ ሄዶ ጎንበስ አለ። “ይህን ዘፈን ይፈቅዱልኛል?”

“አልደንስም” አሉት። ድምፃቸው ከመጉላቱ የተነሣ ሦስት ጠረጴዛ ዞሮ አያቸው።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ፔድሊ ወደ እኔ ሲመለስ ፊቱ ላይ የማላውቀው ነገር ነበር።

“ዓይኔን አይደለም የሚያዩት” አለኝ። “አፌን ነው። እናቴም እንዲህ ነበር የምታየኝ።”

እናቱ በበርንሊ አካባቢ የጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ነበረች። በፋብሪካው አዳራሽ በመቶ የሚቆጠር የሽመና ማሽን በአንድ ላይ ሲንኳኳ ጩኸት እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሸማኔዎቹ ድምፅ ሳያወጡ፣ ከንፈራቸውን ከፈት ጠበብ እያደረጉ፣ ቃሉን እየሳሉ ነው የሚነጋገሩት። ከማሽን ማሽን፣ ከግድግዳ ግድግዳ ሲያወሩ ይውላሉ። በቤታቸውም ለልጅ የማይነገር ወሬ ሲኖር በከንፈር ይሆናል፤ ልጆቹም ያን ወሬ ለመስረቅ ሲሉ ቋንቋውን ይማሩታል። ብዙዎቹ ሴቶች ታዲያ ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸው አብሮ ወጥቷል።

ፔድሊ ከአዳራሹ ማዶ ቆመና ወደ ሚስስ ግሪምሾ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ምንም ድምፅ አልነበረም። ሲኒያቸውን ሊያነሡ የነበሩት ሚስስ ግሪምሾ ቀጥ አሉ፤ ከዚያ ድንገት ሳቁ፤ ሻዩ ሰሐኑ ላይ ፈሰሰ።

“ምን አልካቸው?” አልኩት።

“ኬኩ እንደ ማሽን ቀበቶ ነው የሚታኘከው አልኳቸው።”

“ኬኩን ያቀረብኩት እኮ እኔ ነኝ።”

“ለዚህ ነው በድምፅ ያልተናገርኩት።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሕር ቀኑ ለፔድሊ ሌላ ሆነ። ዕረፍት አገኘ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ባሰበት። ጠዋት ሚስስ ግሪምሾ በሕይወት አድን ጀልባዎቹ ሥር ወንበራቸው ላይ ይጋደማሉ። እሱ አጠገባቸው መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ በአንድ ዙር አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ ዞሮ ሲመለስ መልሱን ይቀበላል፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሌላ። መልሱ የሚያጓጓ ሲሆን እርምጃው እየፈጠነ ይሄዳል። እኔ መረቁን ይዤ ስዞር አንዳንዴ ላብ አጥምቆት አየው ነበር።

“ምን ጠየቁህ ደግሞ?”

“ትራምህ ላይ ዋጋ ሳትከፍል የወረደች የበርንሊ ልጅ ታስታውሳለህ ወይ ነው የሚሉኝ። ሁሉም የበርንሊ ልጆች ሳይከፍሉ ነው የሚወርዱት ልላቸው ነው፤ ልቀቀኝ፣ እንዳያመልጡኝ።”

እንዲህ እየተባባሉ ብዙ ነገር ተነጋገሩ። ሚስስ ግሪምሾ ወጣት ሸማኔ ሳሉ ከተማው በሙሉ በዓመት አንድ ሳምንት ፋብሪካውን ዘግቶ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሆኖ ወደ ብላክፑል ይወርድ ነበር። እዚያ በትልቁ የዳንስ አዳራሽ የእንጨት ወለል ላይ ይደንሱ ነበር። ያን ጊዜም ጆሯቸው መድከም ጀምሯል፤ ግን የከበሮው ምት በእንጨቱ አልፎ በጫማቸው ይገባል፤ በእግራቸው እየሰሙ ይደንሳሉ።

“ታዲያ ለምን አሁን አይሞክሩም?” አልኳቸው አንድ ቀን፣ ፊቴን አዙሬላቸው፣ ቀስ ብዬ።

“እግሬን መሬቱ ላይ ሳሳርፍ የሚሰማኝ የመርከቧ ሞተር ነው” አሉኝ። “ከበሮውን ይውጠዋል። የት እንደምጀምር አላውቅም። አንድ ጊዜ ሞክሬ ሰው ሁሉ ከቆመ በኋላ ብቻዬን ስዞር ተገኝቻለሁ፤ ሁለተኛ አልፈልግም።” ከዚያ ኬካቸውን ቆረሱ። “ግን ከመሞቴ በፊት አንድ ቫልስ ቢደርሰኝ አልጠላም።”

ይህን ለፔድሊ ነገርኩት። እየሰማኝ ዙረቱን ቀጠለ።

ባርቤዶስ ልንደርስ አንድ ቀን ሲቀረን ሚስስ ቴምፐርሊን ያስደንስ ነበር። ሚስስ ቴምፐርሊ ሲደንሱ ወንዱን እሳቸው ናቸው የሚመሩት። ፔድሊ ከትከሻቸው በላይ ወደ ዓምዱ ጥግ አየና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሚስስ ግሪምሾ አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። ፔድሊ የረሳው ግን መስታወቱን ነው። ሚስስ ቴምፐርሊ መሐል ወለል ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

“ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?”

“ምቱን እየቆጠርኩ ነበር እመቤቴ።”

“ሲቆጥሩ ይስቃሉ?”

“አንዳንዴ ቁጥሩ ያስቃል።”

“እኔ እስከ ዛሬ በትከሻዬ ላይ ሌላ ሴት አስቀምጬ አልደነስኩም፤ ከዛሬም በኋላ አልደንስም” ብለው ጥለውት ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ።

ምን ብሎ እንደነበር በኋላ ጠየቅኩት። “ካፒቴኑ ቢታመም ግድ የለም፣ መርከቧን የሚነዱ ሰው እዚህ አሉ ነው ያልኩት” አለኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሚስ ፌኔላ ያን ማታ አስጠራችው። እንደነገረኝ ከሆነ አልጮኸችበትም።

“ሚስተር ፔድሊ፣ እኔ እወድዎታለሁ፣ ሴቶቹም ይወዱዎታል። ግን ለአንዷ ያደሩ አስደናሽ ለሌሎቹ ምን ይሆናሉ? ሌሎቹም አስደናሾች እኔን ነው የሚያዩት። በሚስስ ግሪምሾ ምክንያት አንድ ጥፋት ከደገሙ፣ ሳውዝሃምፕተን ስንደርስ ሻንጣዎን ይዘው ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ሮዛመንድን አያዩዋትም።”

ወርዶስ ወዴት ይሄዳል? ልጁ ፕረስተን ከተማ ከማድ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል አላት። “ደግ ልጅ ናት” አለኝ። “ግን ክፍሏ ውስጥ ያለው የልብስ ማጠቢያ ነው። ቁጭ ብዬ እሱ ሲዞር ልይ? የሚዞረው እኔ መሆን አለብኝ።” ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር፤ እጁ ግን የሸሚዙን ቁልፍ እየፈታ እየቆለፈ ነበር።

ከባርቤዶስ ስንመለስ ታዲያ ፔድሊ ተለወጠ። ዙረቱን ወደ ላይኛው ሰገነት አዛወረ። በዳንሱ ሰዓት ኮርኒሱን እያየ ነው የሚያስደንሰው። ወደ ዓምዱ ጥግ ሄዶ ጎንበስ ይላል፣ “ይፈቅዱልኛል?” ይላል፣ መልሱን ሳይጠብቅ ማለት ይቻላል ዞር ይላል።

“ጓደኛህ ታመመ እንዴ?” አሉኝ ሚስስ ግሪምሾ።

ነገሩን መደበቅ አልቻልኩም፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ እንደሆነው ነገርኳቸው። ከከንፈሬ አንብበው ሲጨርሱ ኬካቸውን አልነኩም።

“እኔ ቦታውን እንዲያጣ አልመጣሁም” አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወንበራቸውን አዞሩ። ከዚያን ቀን በኋላ ጀርባቸውን ለአዳራሹ፣ ፊታቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ይቀመጡ ጀመር። እሱ እንዳይፈተን መሆኑ ነው። ደናሾቹንም ማየት ተዉ፤ ባሕሩን ብቻ እያዩ ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ።

ፔድሊ ያን ጀርባ ሲያይ የባሰ መቆም መቀመጥ አቃተው። ሰገነቱን የሚያጥቡት ሠራተኞች፣ “ሽማግሌው የወለሉን ቀለም ሊጨርሰው ነው” እያሉ ይስቁበት ነበር። ለምሳ ይቀመጣል፣ ሾርባውን ሳይጨርስ ይነሣል። ካፒቴኑ ስለ ጥልቀቱ ሲናገር ሌላው ሰው ሁሉ ቆሞ ሲሰማ እሱ እየሄደ ይሰማል። ያ ሁሉ ስፋት፣ ያ ሁሉ ጸጥታ፣ ሰው የሚከፍልበት ዕረፍት፣ ለሱ የጠበበ ክፍል ሆነበት።

የመጨረሻው የባሕር ቀን ግራጫ ነበር። ወደ እንግሊዝ እየቀረብን ስለሆነ ማዕበሉ ከጎን ይመታናል፤ ሲኒዎቹ በሰሐናቸው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ተሳፋሪዎቹ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምረዋል፤ በየመተላለፊያው የጠፋ ጫማ ይፈለጋል። ቢሆንም ለመጨረሻው ዳንስ አዳራሹ ሞላ። ሚስ ፌኔላ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሚስስ ግሪምሾ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል።

ፔድሊ ሁሉንም አስደነሰ። ሚስ ኦክሊን፣ ሁለቱን እኅትማማቾች፣ ሚስስ ቴምፐርሊን ሳይቀር፤ ያኔ አልደንስም ብለው ነበር፣ ግን ተራቸው ሲደርስ ተነሡ። ወደ ዓምዱ ጥግ ግን አልሄደም። ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ሚስስ ቴምፐርሊ በጣታቸው ጠሩት።

“ሚስስ ግሪምሾ ዛሬ አልተጠየቁም።”

“አይደንሱም እመቤቴ።”

“ይደንሱ አይደንሱ አላልኩም። አልተጠየቁም ነው ያልኩት። ተራ ተራ ነው። እኔ ሕግ የምወደው ለራሴ ሲሆን ብቻ ይመስልዎታል?”

ፔድሊ አንድ ጊዜ ወደ በሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ አየ። ከዚያ ሄደ። ሚስስ ግሪምሾ ጠረጴዛው ሲነካ ዞር አሉ። በትክክል ምን እንደተባባሉ ያወቅኩት በኋላ ነው።

“አልደንስም ብያለሁ። ሂድ፣ ልጅቷ እያየችህ ነው።”

“እኔ እቆጥርልዎታለሁ” አላቸው በከንፈሩ። “የኔን አፍ ይዩ እንጂ እግርዎን አያዳምጡ።”

ሚስስ ግሪምሾ አፉን አፍጥጠው አዩ። ከዚያ ሹራባቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉና ተነሡ።

ሙዚቀኞቹ ቫልስ ጀመሩ። እንግሊዞች ቫልስ ሲደንሱ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ እያንዳንዱ ከሌላው ትከሻ በላይ ነው የሚያየው። ፔድሊ ግን ዓይኑን ከፊታቸው አላነሣም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መጀመሪያ ላይ ተደናቀፉ። መርከቧ ስታዘነብል እግራቸው ተጋጨ፤ እሱ ግን ቆጠራውን ሳያቋርጥ በመሐል አንድ ነገር አለ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። “ይሄኛው የባሕሩ ጥፋት ነው” ብሏቸው ኖሯል። በሁለተኛው ዙር ትከሻቸው ወረደ። በሦስተኛው እኚያ ደንደን ያሉ ሴት ቀለሉ። ዓይናቸው ከንፈሩ ላይ ተተክሎ፣ ጫማቸው ወለሉን እየላሰ፣ ከዓምዱ ወደ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዘፈኑ አለቀ። ሌሎቹ ጥንዶች ቆመው አጨበጨቡ። ሚስስ ግሪምሾ ግን አልሰሙም፤ የሚያዩት ከንፈሩን ብቻ ነው።

ፔድሊ ሰምቷል። ዓይኑ ወደ በሩ ሄዶ፣ ሚስ ፌኔላን አግኝቶ፣ ተመልሶ ሲመጣ አይቻለሁ። ከንፈሩን ቢያቆም እሳቸው ይቆማሉ፤ ሰው ሁሉ ከቆመ በኋላ ብቻቸውን ሲዞሩ እንደነበር ያኔ ያውቃሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ። ሌሎቹ ወደ ዳር ዳር ፈቀቅ አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው የሞተሩ ጉርምርምታና የአራት ጫማ ኮሽታ ብቻ ሆነ።

እኔ በሚስስ ቴምፐርሊ ጎን የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ነበር።

“ሙዚቃው እኮ ቆሟል” አሉ።

“አዎ እመቤቴ።”

“እሳቸው አላወቁም?”

“አላወቁም።”

“እሱ ግን ያውቃል።”

“ያውቃል።”

ሲኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ ድምፅ እንዳይሰማ የፈለጉ ይመስል ነበር።

ፒያኖ ተጫዋቹ ሮዴል ቀጥሎ ፈጣን ዳንስ ሊጫወት ገጹን ገልጦ ነበር። እጆቹን አንሥቶ ጠበቀ፣ እግራቸውን አየ፣ ከዚያ ገጹን ትቶ በነሱ እርምጃ ልክ ሌላ ቫልስ ጀመረ። ሌላ ማንም አልገባም። ሁለቱ ብቻቸውን እስኪያልቅ ድረስ ደነሱ። ሲያልቅ ፔድሊ ከንፈሩን አቆመ፤ እሳቸውም ቆሙ። ሰው ሁሉ ዳር ላይ ቆሞ ሲያጨበጭብ አዩና ተገረሙ።

“ረጅም ዘፈን ነበር አይደል?” አሉት በዚያ በጎላው ድምፃቸው።

“ረጅም ነበር” አላቸው።

ሚስ ፌኔላ ወደ ሚስስ ቴምፐርሊ መጣች። “ቅሬታ አለዎት ወይ?”

“ሻዬ ቀዝቅዟል” አሉ ሚስስ ቴምፐርሊ። “ሌላ ቅሬታ የለኝም።”

ሚስ ፌኔላ ግን ራሷ አይታለች፤ ሌሎቹ አስደናሾችም አይተዋል። ቃሏን ልታጥፍ አልቻለችም። ከእራት በፊት ስትነግረው ዓይኗ ቀልቶ እንደነበር ፔድሊ ነግሮኛል። “ልክ ናት” አለኝ ሻንጣውን እያሰረ። “ሾፌር ፌርማታ አልፎ ሲሄድ ይባረራል። ሳላስበው ነው አልላት ነገር፣ ሆን ብዬ ነው።” ሸሚዝ አጥፎ ያስገባል፣ መልሶ ያወጣል፣ እንደገና ያጥፋል።

በማግሥቱ ጠዋት ሳውዝሃምፕተን ደረስን። አንድ መራመድ ያቃታቸውን ተሳፋሪ በጋሪ ወንበር እየገፋሁ ወደ ሻንጣው አዳራሽ ወረድኩ። በዚያ ቦታ ያለው ጫጫታ አይጣል ነው። ጋሪ ይንኳኳል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ባል ሚስቱን ይጣራል፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ፔድሊ ሁለቱን ሻንጣዎቹን መሬት ላይ አቁሞ በዙሪያቸው ይዞራል። ሦስት እርምጃ ወዲህ፣ ሦስት እርምጃ ወዲያ። ድንገት ቆመ። ከተከመረው ሻንጣ ማዶ፣ ከሕዝቡ በላይ፣ ሰማያዊው ሹራብ ይታያል። ሚስስ ግሪምሾ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እሱም መለሰ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እየጮኸ ሳይደማመጥ፣ እነሱ ሁለቱ እንደ ጎረቤት ተረጋግተው ያወሩ ጀመር።

ጋሪውን አቁሜ፣ “ምን ይላሉ?” አልኩት።

“ሻንጣዎቼን አይታ ገብቷታል” አለኝ ዓይኑን ሳይነቅል። “በኔ ምክንያት ነው ወይ አለችኝ። በሙዚቃው ምክንያት ነው አልኳት፤ ቆሞ እንደነበር ነገርኳት።”

“ተቆጡ?”

“ቆይ።” ከንፈራቸውን እያየ ቆየ። “ለሁለት ዘፈን ከመርከብ የወረደ ሞኝ አይቼ አላውቅም አለች።” አንገቱን አሰገገ። “አሁን ደግሞ ባቡርህ ወዴት ነው ትላለች።”

“ታዲያ ወዴት ነው?”

“ወደ ፕረስተን ነው። የበርንሊም ሰው ፕረስተን ላይ ነው ባቡር የሚለውጠው።” ይህንኑ በከንፈሩ ወደ ማዶ ላከ። ማዶ ያሉት ሴት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፣ በጣታቸውም ወደ መሬት አመለከቱ።

“አሁንስ?”

“ሻንጣዬን እስካገኝ ቁጭ በል ትላለች። ዙረትህ ራሴን አዞረው ትላለች።”

ዙሪያውን አየ። ወንበር አልነበረም። ትልቁን ሻንጣ በጎኑ አጋደመና፣ የኮቱን ጫፍ ሰብሰብ አድርጎ፣ ተቀመጠበት። እኔ ጋሪውን እስከ ውጭኛው በር ገፍቼ፣ ሰውየውን ለልጃቸው አስረክቤ፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ ስመለስ እንደተቀመጠ ነበር።